ፊደሉ ደመቀ፣ ዋጋው የት ገባ?

ማለዳ ደሴ መናኸሪያ የደረሰ ሰው አስቀድሞ የሚሰማው የረዳቶችን ጥሪ ነው። «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!» ይላል አንዱ። «ሐይቅ! ውጫሌ!» ይላል ሌላው። ረዳቱ ስለ መኪናው ውበት፣ ስለ ሾፌሩ ችሎታ ወይም ስለ መቀመጫው ምቾት አንድም ቃል አይተነፍስም። የሚጮኸው ተሳፋሪው ማወቅ የሚፈልገውን አንድ ነገር፣ መድረሻውን ብቻ ነው። አልፎ አልፎ ግን «አንድ ሰው የቀረው!» የሚል ጥሪም ይጨምራል። ያን ሰምቶ የገባ ተሳፋሪ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ግማሹ ባዶ የሆነ ሚኒባስ ነው። በዚህም የተነሳ መንገዱን የለመደ ሰው የሁለቱን ጩኸቶች ዋጋ ለይቶ ያውቃል። «ኮምቦልቻ» የሚለውን ያምናል፤ «አንድ ሰው የቀረው» የሚለውን ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል።

ዛሬ ይኸው ጩኸት ከመናኸሪያ ወደ ስልክ ተዛውሯል። ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር፣ ከሰኞ ገበያ እስከ ኮምቦልቻ ያለው የልብስ፣ የጫማ፣ የመጋረጃ፣ የኤሌክትሮኒክስና የቤት ዕቃ ነጋዴ፣ እንዲሁም የቤትና የመኪና ደላላ፣ በቴሌግራም ቻናልና በፌስቡክ ገጽ ዕቃውን ያስተዋውቃል። ማስታወቂያው ከሌላው ልቆ እንዲታይም ፊደሉን ያወፍራል፤ በተለመደው አነጋገር «ቦልድ» ያደርገዋል። በየቀኑ የሚታየው ማስታወቂያ ይህን ይመስላል፦ «ልዩ ቅናሽ! አስገራሚ ዋጋ! እንዳያመልጥዎ! የቱርክ መጋረጃ ገብቷል! ጥቂት ብቻ ቀርቷል! ለዋጋው በውስጥ መስመር ያናግሩን!» ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ሁሉም ቦልድ ነው፤ ዳርና ዳሩ በእሳትና በደወል ሥዕል ታጥሯል።

ለመሆኑ ከዚህ ሁሉ ድምቀት ገዢው ምን አወቀ? መጋረጃ መግባቱን አወቀ። ዋጋውን፣ ብዛቱንና ሱቁ የት እንደሆነ አላወቀም። «አስገራሚ ዋጋ» የሚለው ሐረግ ደምቆ ሳለ ራሱ ዋጋው የለም። የደሴና የኮምቦልቻ ገበያ የዛሬ ችግር ይህ ነው። ቦልድ ማድረግ በራሱ ጥፋት የለውም፤ ጥፋቱ የሚደምቀው ነገር ምንም የማይናገር፣ የሚናገረው ነገር ደግሞ የተደበቀ መሆኑ ነው።

የድምቀት ግሽበት

ጀርመናዊቷ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ሄድቪግ ፎን ሬስቶርፍ እ.ኤ.አ. በ1933 ባወጣችው ጥናት፣ በአንድ ዓይነት ነገሮች መካከል አንድ የተለየ ነገር ቢገባ ሰው ከሁሉም ይልቅ ያን የተለየውን እንደሚያስታውስ አሳይታለች። ቦልድ የሚሠራውም በዚሁ ሕግ ነው። በሃያ ቀጫጭን ቃላት መካከል ያለ አንድ ወፍራም ቃል ዓይን ይስባል። ሃያውም ሲወፍሩ ግን የተለየ የሚባል ነገር አይኖርም። ማድመቂያው አለ፤ ድምቀቱ ግን ጠፍቷል።

ለኢኮኖሚክስ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ብር በገፍ ሲታተም የእያንዳንዱ ብር የመግዛት አቅም እንደሚወርድ ሁሉ ቦልድም በገፍ ሲበተን ዓይን የመግዛት አቅሙ ይወርዳል። አንዱ ነጋዴ ርእሱን ሲያደምቅ ጎረቤቱ ሙሉውን ያደምቃል፤ ሦስተኛው ቃለ አጋኖ ይጨምራል፤ አራተኛው የእሳት ሥዕል ያክልበታል። በመጨረሻ ሁሉም ከተነሱበት ቦታ ናቸው። ልዩነቱ ገበያተኛው አሁን ዓይኑ ደክሞታል፤ እየደጋገመ በጣቱ ገፍቶ ማለፍን ለምዷል።

ከዚህም የከፋ ነገር አለ። አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ምሁር ማይክል ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንድ ምልክት መልእክት የሚያስተላልፈው ምልክቱን ማሳየት ለደካማው ከጎበዙ ይልቅ ውድ ሲሆንበት መሆኑን አስረድቷል። ጆርጅ አከርሎፍ ደግሞ ከሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ገዢ ጥሩውን ዕቃ ከመጥፎው መለየት በማይችልበት ገበያ መጥፎው ጥሩውን እያስወጣ እንደሚሄድ ጽፎ ነበር። ሁለቱ ምሁራን ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት የተካፈሉት በዚሁ ዘርፍ ባበረከቱት ሥራ ነው።

ይህን ወደ ደሴ ገበያ ማምጣት አያስቸግርም። ቀድሞ ነጋዴ ስሙን በትልቅ ፊደል ለማስጻፍ ገንዘብ ያወጣ ነበር። ጋዜጣ ማስታወቂያ የሚሸጠው በያዘው ቦታ ስፋት ነው፤ ታፔላ ጻፊም በትልቁ ሲጻፍለት ለሚፈልግ ከፍ ያለ ዋጋ ይጠይቃል። ስለዚህ ትልቅ ፊደል ራሱ አንድ ነገር ይናገር ነበር፤ «ይህ ሰው ገንዘብ አፍስሷል፤ ነገ ሱቁን ዘግቶ የሚጠፋ አይመስልም» ያሰኛል። የስልክ ቦልድ ግን በነጻ ነው። ሐቀኛውም አታላዩም በሁለት ሰኮንድ ያደርገዋል። ለሁሉም እኩል የቀለለ ምልክት ሐቀኛውን ከአታላዩ ሊለይ አይችልም።

በአንፃሩ የተጻፈ ዋጋ ቀላል አይደለም። «በሜትር 450 ብር» ብሎ የጻፈ ነጋዴ ራሱን አስሯል። ገዢው ስልኩን አውጥቶ «ይኸው፣ እርስዎ ራስዎ የጻፉት ነው» ሊለው ይችላል። አታላይ ይህን መጻፍ አይወድም፤ ሐቀኛው ግን አይከብደውም። ስፔንስ የሚለው ምልክት እንግዲህ ቁጥሩ ነው። ሊደምቅ የሚገባውም እሱ ነው።

ለግዕዝ ፊደል ያልተሰፋ ልብስ

የቦልዱ አሠራር ራሱ ብዙ ነጋዴ ያላስተዋለው ጣጣ አለው። ቴሌግራም ላይ ቃሉን መርጦ ቦልድ የሚለውን መጫን ይበቃል። ዋትስአፕ ላይ ደግሞ ከቃሉ ፊትና ኋላ አንዳንድ የኮከብ ምልክት ማድረግ ነው። በሁለቱም የአማርኛው ፊደል ራሱ ይወፍራል። በፌስቡክ ተራ ጽሑፍ ላይና በቲክቶክ መግለጫ ላይ ግን እንዲህ ያለ መሣሪያ የለም። በመሆኑም ብዙ ሰው ተራውን ፊደል ወደ ወፍራም ወደሚለውጡ ድረ ገጾች ይሄዳል።

እነዚህ ድረ ገጾች በእርግጥ ፊደሉን አያወፍሩትም፤ በሌላ ምልክት ይተኩታል። የዓለም ፊደላት ሁሉ ለኮምፒውተር በሚመዘገቡበት ዩኒኮድ በተባለው የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ለሒሳብ ጽሑፍ የሚያገለግሉ ወፍራምና ዘንባላ የላቲንና የግሪክ ፊደላት ከቁጥሮች ጋር ገብተዋል። ለዋጭ ድረ ገጾቹ የሚያወጡት እነዚያን የሒሳብ ምልክቶች ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን እንዲህ ያለ ወፍራም ተጓዳኝ አልተሠራለትም። ስለዚህ «ቅናሽ» የሚለውን ቃል ለዋጩ ድረ ገጽ ላይ የጻፈ የደሴ ነጋዴ ያንኑ ቃል ሳይለወጥ መልሶ ያገኛል።

ከዚያ ምን ያደርጋል? አማርኛውን ትቶ በላቲን ፊደል «ሴል» ወይም «ዲስካውንት» ብሎ ያደምቃል። ከመካነ ሰላም ወይም ከከሚሴ ለሱቁ ዕቃ የሚፈልገው ደንበኛው ግን የሚያነበው አማርኛ ነው። ደንበኛው በስልኩ «ቅናሽ» ብሎ ቢፈልግ ማስታወቂያው አይወጣለትም። ያ ወፍራም የላቲን ቃልም ለኮምፒውተሩ የሒሳብ ምልክት በመሆኑ ሲፈለግ ሊያመልጥ ይችላል። ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነቡ ብዙ መሣሪያዎችም ምልክቶቹን ወይ ይዘሏቸዋል ወይ አንድ በአንድ እየቆጠሩ ጆሮ ያሰለቻሉ።

በስልክ ቁጥር ላይ ሲሆን ጉዳዩ የገንዘብ ይሆናል። ወፍራም የሒሳብ አኃዞች ስላሉ ነጋዴው የስልክ ቁጥሩን በለዋጭ ድረ ገጽ ያደምቀዋል። የገዢው ስልክ ግን ያን እንደ ስልክ ቁጥር ላያውቀው ይችላል። ሲነካ አይደውልም፤ ተቀድቶ ወደ ቴሌብር ሲገባም ላይቀበለው ይችላል። የገንዘብ መላኪያውን ቁጥር አስውቦ ገንዘብ እንዳይላክ ማድረግ ማለት ይህ ነው። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች» ይላል ያገራችን ሰው።

የፊደሉ ቅርጽም መዘንጋት የለበትም። በግዕዝ ፊደል «ሺ» ከ«ሼ»፣ «ቢ» ከ«ቤ» የሚለየው በአንዲት ትንሽ እግር ወይም በአንዲት ትንሽ ቀለበት ነው። ከዊንዶውስ ጋር ይመጣ የነበረው «ኒያላ» የተባለው የአማርኛ ፊደል እንኳ የተሠራው በአንድ ውፍረት ብቻ ነበር፤ ቦልድ ሲባል ኮምፒውተሩ ራሱ መስመሩን ያሰፋዋል። እንዲህ በግድ የተወፈረ ፊደል በትንሽ ስልክ ላይ ሲታይ ቀለበቱ ይደፈናል። አንድ ቃል ቢሆን ዓይን ይሸከመዋል፤ ሙሉ አንቀጽ ሲሆን ግን ጥቁር ድንጋይ ነው።

ቀይ ቀለም የት ይውላል?

ግዕዝ እንደ ላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም። ታዲያ የጥንቶቹ ጸሐፊዎች አንድን ቃል ከሌላው ለይተው ለማሳየት ሲፈልጉ ምን ያደርጉ ነበር? መልሱ ከደሴ ሩቅ አይደለም። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያቀኑት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በመጻሕፍት ሀብቱ ስመ ጥር ነው። በእንዲህ ያሉ የብራና መጻሕፍት ውስጥ ሐተታው በጥቁር ቀለም ይጻፋል፤ ቀዩ ቀለም ለምዕራፍ መክፈቻ፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም፣ አንዳንዴም መጽሐፉን ላስጻፈው ሰው ስም ይውላል። በወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት የተገለበጡ ኪታቦችም ርእሱን በቀይ፣ ሐተታውን በጥቁር የመለየት ልማድ አላቸው።

ጸሐፊው ቀይ ቀለም ስላለው ብቻ መጽሐፉን በሙሉ በቀይ አልጻፈም። ቀዩ ቦታውን ያውቅ ነበር። አንባቢም ገጹን ሲገልጥ ዓይኑ በቀጥታ ወደሚፈልገው ያመራ ነበር። የወሎ ነጋዴ የቦልድን አጠቃቀም ከሩቅ አገር ባለሙያ መማር አያሻውም፤ አያቶቹ በብራና ላይ ያውቁት ነበር።

ነጋዴው የሚለው

የነጋዴውን ወገን አለመስማት ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የመጀመሪያው መከራከሪያ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው ነው። ሁሉም በሚጮህበት ገበያ ዝም ያለ ይረሳል ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን ዝም በል የተባለ ማንም የለም። የተባለው እንደ መናኸሪያው ረዳት መድረሻህን ጩኽ ነው።

ሁለተኛው የዋጋ መዋዠቅ ነው። ይህ ጠንከር ያለ መከራከሪያ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ዛሬ የጻፈው ዋጋ ነገ የሚያከስረው አስመጪ ቁጥር መጻፍ ቢፈራ አይፈረድበትም። መፍትሔው ግን ዋጋን መደበቅ ሳይሆን ዋጋን በቀን መገደብ ነው። «ይህ ዋጋ እስከ ቅዳሜ ይጸናል» የሚል አንድ መስመር ነጋዴውንም ገዢውንም ይጠብቃል።

ሦስተኛው «ተፎካካሪዬ አይቶ ዝቅ ያደርግብኛል» የሚለው ነው። ተፎካካሪ ዋጋ ማወቅ ከፈለገ ግን አንድ ልጅ ወደ ሱቁ መላክ ወይም በማይታወቅ ስም በውስጥ መስመር መጠየቅ ይበቃዋል። ከተፎካካሪው ያልተደበቀው ዋጋ የተደበቀው ከገዢው ብቻ ነው።

አራተኛው የደላሎች ነው። የቤት ባለቤት ዋጋው በአደባባይ እንዲወጣ አይወድም፤ ደላላውም ዋጋውን በእጁ ካልያዘ ኮሚሽኑ እንዳያመልጠው ይሰጋል። ይሁን እንጂ «አስቸኳይ የሚሸጥ ዘመናዊ ቪላ» የሚለውን ብቻ አድምቆ የለጠፈ ደላላ ቀኑን ሙሉ የሚያነሳው መግዛት የማይችሉ ሰዎችን ስልክ ነው። ቁርጡን መጻፍ ባይፈልግ እንኳ ካሬውን፣ ሰፈሩን፣ ካርታ መኖር አለመኖሩንና የዋጋውን ክልል ቢጽፍ የሚደውልለት ሰው ያንሳል፤ የሚደውለው ግን ገዢ ይሆናል። አንድ ቁም ነገረኛ ገዢ ከሃያ ጠያቂ ይሻላል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሕግም የራሱ ድርሻ አለው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በንግድ ቦታው በግልጽ እንዲያሳይ ደንግጓል። በሱቁ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ዋጋ በስልክ ግድግዳ ላይ የሚደበቅበት ምክንያት የለም።

የጉዞው ዋጋ

ነገሩ የፊደል ቅርጽ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባላነጋገረ ነበር። ደሴና ኮምቦልቻ ለሰፊው አካባቢ የጅምላ መነሻ ናቸው። የባቲ፣ የከሚሴ፣ የሐይቅ፣ የመርሳና የመካነ ሰላም ቸርቻሪ ለሱቁ ዕቃ የሚፈልገው ከእነዚህ ከተሞች ነው። ይህ ቸርቻሪ በስልኩ «አስገራሚ ዋጋ» የሚል ቦልድ አይቶ፣ የትራንስፖርት ከፍሎ፣ ሱቁን አንድ ቀን ዘግቶ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ተጨንቆ ጠይቆ ይመጣል። ደሴ ሲደርስ «አስገራሚው» ዋጋ ጎረቤቱ ከሚሸጥበት የማይለይ ሆኖ ያገኘዋል። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። የተደበቀው ዋጋ የዚህን ሰው የቀን ሥራና የመንገድ ገንዘብ በልቷል። በሚቀጥለው ጊዜ ቦልድ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ መናገር አያስፈልግም።

የቅርብ ዓመታት ታሪክም ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ሲያዳርስ የብዙ ነጋዴ ንብረት ጠፍቷል። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በመላ አገሪቱ ታግደው ነበር። እገዳው ሲነሳ ብዙም ሳይቆይ፣ ከሐምሌ ወር መጨረሻ ጀምሮ፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። በዚያ ጊዜ የቀረው የስልክ ጥሪና አጭር የጽሑፍ መልእክት ነበር። አጭር መልእክት ቦልድ የለውም፤ ሥዕልም የለውም። «50 ጥቅል፣ በዚህ ዋጋ፣ ነገ ይጫናል» ለመባባል የቻሉት ቀድሞ የተዋወቁ፣ አንዱ የሌላውን ቁጥር የሚያምን ነጋዴዎች ናቸው። ፊደል ማድመቅ በማይቻልበት ቀን የሚያሻሽጠው ያ የተጠራቀመ እምነት ነው። የሚጠራቀመውም ዋጋው በግልጽ ተጽፎ በተጻፈው ሲሸጥ ነው።

ምን ይድመቅ?

ከላይ የተጠቀሰው የመጋረጃ ማስታወቂያ እንዲህ ቢሆንስ? ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፦ «የቱርክ መጋረጃ። በሜትር 450 ብር። ከ50 ሜትር በላይ ለሚወስድ 420 ብር። ያለን 600 ሜትር ነው። ዋጋው እስከ ቅዳሜ ይጸናል። ደሴ፣ ፒያሳ።» ከዚህ ሁሉ የሚደምቀው «450 ብር» ብቻ ነው። ከተፈለገ «እስከ ቅዳሜ» ይጨመርበታል። ሌላው በተራ ፊደል ይቀመጥ። የስልክ ቁጥሩ ምንም ማስዋቢያ ሳይነካው ብቻውን በአንድ መስመር ይስፈር።

ቴሌግራምና ዋትስአፕ ላይ ይህን ማድረግ ምንም ወጪ የለውም። ፌስቡክ ላይ የአማርኛ ቦልድ ባይኖርም ብልሃት አይጠፋም። ዋጋውን በመጀመሪያው መስመር ላይ ብቻውን ማስፈርና ከሥሩ አንድ ባዶ መስመር መተው ከማንኛውም ለዋጭ ድረ ገጽ የተሻለ ያደምቃል። ባዶ ቦታ በነጻ የሚገኝ ቀይ ቀለም ነው።

ነጋዴው አንድ ሳምንት ይሞክረው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠያቂው ሊያንስ ይችላል፤ «ስንት ነው?» ለማለት ብቻ የሚጽፍ ሰው አያስፈልገውምና። መቁጠር ያለበት ግን የጠያቂውን ብዛት አይደለም፤ ከጠየቁት ውስጥ ስንቱ ከፍሎ እንደወሰደ ነው።

የመናኸሪያው ረዳት ኢኮኖሚክስ አልተማረም። ሆኖም «ኮምቦልቻ» ብሎ ሲጮህ መኪናው ኮምቦልቻ እንደሚደርስ፣ «አንድ ሰው የቀረው» ሲል ደግሞ ማንም እንደማያምነው ያውቃል። የደሴና የኮምቦልቻ ነጋዴም ከሁለቱ ጩኸቶች የትኛውን እንደሚያደምቅ ቢያስብበት ይበጀዋል።